አባትና ልጅ በወንጀል ፊልም፦ ዛሬ ማታ የትኛውን እንክፈት?

ፊልም የሚጭን ሱቅ ገብታችሁ «የአባትና የልጅ ነገር ያለበት የወንጀል ፊልም» ብትሉ፣ ልጁ ሳያስብ ፍላሻችሁ ላይ የሚጭንላችሁ «ዘ ጎድፋዘር»ን ነው። መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ግን ለሁሉም ማታና ለሁሉም ቤት አይሆንም። መብራት ሄዶበት በላፕቶፕ ባትሪ የሚያይ ሰው፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ዶርም ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ስክሪን የከበበ ተማሪ፣ ሳሎን ውስጥ ከአባቱ ጎን የተቀመጠ ልጅ፣ የሦስቱም ፊልም ለየቅል ነው።

ስድስት ፊልሞችን አወዳድራለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «ሮድ ቱ ፐርዲሽን» 2002፣ «ዘ ጎድፋዘር» 1972፣ «ኤ ብሮንክስ ቴል» 1993፣ «ዘ ፕሌስ ቢዮንድ ዘ ፓይንስ» 2012፣ «ኢን ዘ ኔም ኦፍ ዘ ፋዘር» 1993፣ ከሁሉም የሚያረጀው ደግሞ «የብስክሌት ሌቦች» 1948። ተኩሱን፣ ተዋናዩን፣ ሽልማቱን ማንም ያወዳድራል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያወቀው መቼ ነው? በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ሰው ነግሮት? ስድስቱም ፊልሞች የሚለያዩት በዚህ ነው።

ለዓይን የሚሆነው

በእይታ ብቻ ከሆነ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ «ሮድ ቱ ፐርዲሽን» ነው። ዳይሬክተሩ ሳም ሜንዴስ ነው። ጊዜው 1931፣ ቦታው አሜሪካ ኢሊኖይ፣ ወቅቱ በረዶ የሚጥልበት የእነሱ ክረምት። ማይክል ሱሊቫን (ቶም ሃንክስ) ጆን ሩኒ ለሚባል የአየርላንድ ዘር ያለው የወንበዴ አለቃ ሰው ይገድላል። ሩኒ (ፖል ኒውማን) አሳዳጊው ነው፤ እንደ አባት የሚያየው ሰው። ሱሊቫን ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ አባታቸው ምን ሠርቶ እንደሚያበላቸው ግን አያውቁም። ትንሹ «አባዬ ሥራው ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቃል፤ ትልቁም ቢሆን ከእሱ የተሻለ አያውቅም። ይሄው ትልቁ ልጅ አንድ ማታ አባቱ መኪና ውስጥ ተደብቆ ይሄድና ያያል። ከዚያ በኋላ ያ ቤት እንደ ድሮው አይሆንም።

ከዚያ ማታ በፊት ያሉትን ትዕይንቶች ግን በጥድፊያ አትለፏቸው። ልጁ አባቱን የሚያየው ሁሌ ከሩቅ ነው፤ ገርበብ ባለ በር፣ ከኮሪደሩ ማዶ። አባትየው ኮቱን ያወልቃል፣ ሽጉጡን ያስቀምጣል፤ ካሜራው ልጁ ከቆመበት ፈቅ አይልም። አባቱን ፈርቶ ያደገ ሰው ያንን ርቀት ያውቀዋል። እኛም ቤት እኮ አባት ሲገባ ድምፅ ይቀንሳል፤ ልጅ እግር አጥቦ፣ ውሃ አቅርቦ ገለል ይላል እንጂ «ዛሬ የት ዋልክ?» አይልም። በኋላ አባትና ልጅ ብቻቸውን መንገድ ሲወጡ ካሜራውም ፊታቸው ድረስ ይጠጋል። ማንም ምንም ሳይናገር ሁለቱ እንደተቀራረቡ የምናውቀው በዚህ ነው።

የቀረጸው ኮንራድ ሆል ነው፤ የመጨረሻ ፊልሙም ይኸው ሆነ። በጥር 2003 ሞተ፣ በመጋቢት ኦስካሩን አሸነፈ፣ መድረክ ወጥቶ ሽልማቱን የተቀበለለት ደግሞ ልጁ ነው። እሱም እንደ አባቱ የካሜራ ሰው ነው። ስለ አባትና ልጅ በተሠራ ፊልም እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ድርሰት ይመስላል፤ ግን የሆነ ነገር ነው።

ሆል ዝናብ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1967 በቀረጸው «ኢን ኮልድ ብለድ» ውስጥ አንድ የሞት ፍርደኛ ሊሰቀል ጥቂት ሲቀረው መስኮት አጠገብ ቆሞ ስለ አባቱ ያወራል። ሰውየው አያለቅስም፤ በመስታወቱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ጥላው ፊቱ ላይ ሲያርፍ ግን እንባ ይመስላል። ከ35 ዓመት በኋላ በ«ሮድ ቱ ፐርዲሽን» ያው ሰው ዝናብን እንደገና ከአባትና ከልጅ ነገር ጋር አገናኘው። ማታ ነው፤ ጃንጥላ የያዙ ሰዎች መንገድ ላይ ቆመዋል፤ ከጨለማው ውስጥ ጥይት ብልጭ ብልጭ ይላል። የጥይቱ ድምፅ ግን የለም፤ የሚሰማው ሙዚቃ ብቻ ነው። ሰዎቹ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ፊት ለፊት ሲቀር ነው ድምፅ የሚመለሰው። ማን ከማን ጋር እንደቀረ አልናገርም፤ ያላየ ሰው ይኖራል።

ይህ ትዕይንት ለጅማ ሰው አንድ ጥቅም አለው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ንግግር የሚበዛበት ፊልም ማየት ልፋት ነው፤ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍታችሁም ግማሹ ያመልጣችኋል። «ሮድ ቱ ፐርዲሽን» ግን ሰዎቹ ቁጥብ ናቸው፣ ዋና ዋናው ነገር በዓይን ነው የሚተላለፈው። ሐምሌ ማታ ከስድስቱ አንዱን ክፈት ብትሉኝ ያለምንም ማመንታት እሱን ነው።

በሌላ በኩል በትርጉም የተሠራ ቅጂ ካገኛችሁ፣ ይህንን ፊልም በእሱ አትዩት። የትርጉም ፊልም ጠላት አይደለሁም፤ ስንቱን ታሪክ ያወቅነው በተራኪዎቹ አንደበት ነው። ነገር ግን ተራኪ ዝም ማለት አይወድም፤ የፊልሙ ግማሽ ሥራ ደግሞ ዝምታ ነው። ሃንክስና ኒውማን ፒያኖ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው አብረው የሚጫወቱበት ቦታ አለ። አንዲት ቃል አይለዋወጡም፤ ትልቁ ልጅ እያየ ነው፣ የሩኒ የራሱ ልጅም እያየ ነው። ማን እንደተወደደ፣ ማን እንደቀና እዚያው ታውቃላችሁ። እላዩ ላይ «እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች በጣም ይዋደዳሉ» የሚል ድምፅ ቢመጣበት ምን ይተርፋል?

ስለ ሩኒ ልጅ ካነሳሁ ዘንድ፣ ሞኝ ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል የሚባለው ለእሱ የተነገረ ይመስላል። አባትየው ግን ልጁን አሳልፎ መስጠት አይችልም። አንዱ የወለደው፣ ሌላው ያሳደገው፤ የሚረባው ያሳደገው ሆኖ ሳለ ደም ያሸንፋል። ርስትና ውርስ ሲከፈል ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም።

የማልወድለትም ነገር አለ። ፊልሙ ከመጠን በላይ ያምራል። ሬሳው ያምራል፣ በረዶው ያምራል፣ ባርኔጣው ፊት ላይ የሚጥለው ጥላ ያምራል፤ በዚያ ሁሉ መሀል ሱሊቫን ነፍሰ ገዳይ መሆኑ ይዘነጋል። ከልጁ ጋር መንገድ ከወጣ በኋላ የሚገድላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከእሱ የባሱ ሆነው ስለሚቀርቡ፣ ተመልካቹ ሳይጨነቅ እንዲወደው መንገዱ ተጠርጎለታል። እናትየዋ ደግሞ ቤት ውስጥ እያለች የለችም፤ የሚረባ ንግግር አልተሰጣትም። ስለ አባትና ልጅ ሲወራ እናት ለምን ወጥ ቤት እንደምትቀር የፊልም ሠሪዎቹ ብቻ ሳይሆን የኛም ጥያቄ መሆን ነበረበት።

ሆኖም ፊልሙ ራሱን የሚያውቅ ይመስለኛል። አባትና ልጁን የሚያሳድደው ሰው (ጁድ ሎው) ሥራው የሞቱ ሰዎችን ፎቶ ማንሳት ነው፤ ገዳይም ነው፣ ፎቶ አንሺም ነው። ሬሳ ፊት ቆሞ መብራቱንና ካሜራውን ያስተካክላል። ሞትን አሳምሮ መቅረጽ ነውር አለበት ብሎ ፊልሙ በራሱ ላይ የመሰከረ ያህል ነው። ሁለተኛ ጊዜ የምታዩት ከሆነ ይህን ሰውዬ ተከታተሉት፤ ቶም ሃንክስን ለጊዜው ተዉት።

ጨለማው ሲበረታ

«ዘ ጎድፋዘር» ላይ ብዙ አልቆይም፤ ያላየው ጥቂት ነው። እዚህ ልጁ የአባቱን ሥራ ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ለፍቅረኛው እንኳ ቁጭ አድርጎ ይነግራታል። «ቤተሰቤ ነው፤ እኔ አይደለሁም» ይላል። ፊልሙ የሚጠይቀው ያወቀ ልጅ ማምለጥ ይችል እንደሆነ ነው። ከአባቱ ጋር አትክልት ቦታ ተቀምጠው አሮጌው ሰውዬ «ላንተ ይህን አልፈለግሁም ነበር» የሚልበት ንግግር ለእኔ ከተኩሱ ሁሉ ይበልጣል። እና ለሕዝብ የሚነገረው የቤተሰቡ ሥራ የወይራ ዘይት ማስመጣት መሆኑ እዚህ ሁሌ ያስቃል፤ ዘይት አስመጪ ሲባል ፈገግ የማይል የለም።

በእይታ ግን የ«ሮድ ቱ ፐርዲሽን» እውነተኛ ተፎካካሪ እሱ ነው። ጎርደን ዊሊስ መብራቱን ከላይ አድርጎ ነው የቀረጸው፤ የማርሎን ብራንዶ ዓይኖች ጥላ ውስጥ ገብተው የሚያስበው አይታይም። ውጪ ሠርግ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ዘፈን ነው፤ ውስጥ ቢሮው ጨለማ ነው። ይህን የሠራው ሰው በዚያ ፊልም ለኦስካር እንኳ አልታጨም።

ስለዚህ ቅጂ ምረጡ። ሁለቱም ጨለማ ፊልሞች ናቸው፤ ከአንድ ጊጋ በታች ተጨምቆ የተቀመጠ ቅጂ ላይ ጥቁሩ ቦታ ካሬ ካሬ እየሆነ ይቆራረጣል፣ የሰውየው ፊት ከግድግዳው አይለይም። ፍላሻችሁ ላይ ቦታ ከሌለ ሌላ ነገር አጥፉና ከሁለት ጊጋ በላይ የሆነውን አስጭኑ። ቀን መስኮት ከፍቶ ማየትም ዋጋ የለውም፤ የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው። በስልክ ማየት ግዴታ ከሆነባችሁ ሁለቱንም ተዉና ወደ ቀጣዮቹ እለፉ።

ርዝመትም አለ። «ሮድ ቱ ፐርዲሽን» 1 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ነው፤ ደህና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ መብራት ቢሄድም ሊያደርሰው ይችላል። «ዘ ጎድፋዘር» 2 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ነው፤ እሱን መብራት ያለበትን የበዓል ማግስት ጠብቁለት።

ከአባታችሁ ጋር ከሆነ

እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ዘ ጎድፋዘር»ን ከአባቱ ጋር ያየ ሰው ሠርጉ ቤት በር ጀርባ ያለው ነገር ሲመጣ፣ ኋላም ሲሲሊ ላይ የሙሽሮቹ ማታ ሲመጣ ሪሞት ፍለጋ ይሯሯጣል። «ሮድ ቱ ፐርዲሽን» ደም አለው እንጂ በአባት ፊት የሚያሳፍር ነገር እምብዛም የለውም።

ከአባት ጋር አይቶ ለማውራት ግን የምመርጠው «ኤ ብሮንክስ ቴል»ን ነው። ሮበርት ዴ ኒሮ በዳይሬክተርነት የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፤ ታሪኩ ቻዝ ፓልሚንቴሪ ከራሱ ልጅነት ተነስቶ ብቻውን መድረክ ላይ ከተጫወተው ቴአትር የመጣ ነው። 1960ዎቹ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ብሮንክስ የሚባል ሰፈር። አባትየው (ራሱ ዴ ኒሮ) የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ታማኝ፣ ደመወዝተኛ፣ የማይከበር። መንገዱ ማዶ ደግሞ ሶኒ አለ፤ ሰፈሩ የሚፈራው፣ ጥሩ የሚለብስ፣ መኪና ያለው። ልጁ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሶኒ ሰው ሲገድል ያያል። ፖሊስ ሲመጣ ይደብቅለታል። ከዚያ በኋላ ልጁ ሁለት አባት ኖረው።

ልብ በሉ፤ እዚህ ልጁ ወንጀል ሲሠራ ያየው አባቱን አይደለም፣ አባቱ እንዲሆን የተመኘውን ሰው ነው። አባቱን ደግሞ በየቀኑ መሪ ይዞ ስለሚያየው አያየውም። ስንቱ የባጃጅ፣ የሲኖትራክ፣ የአይሱዙ ሹፌር ልጅ መርካቶ ወይም ፈረንጅ አራዳ ቆሞ ሥራቸው የማይታወቅ፣ ኪሳቸው የማይደርቅ ሰዎችን በጉጉት እንደሚያይ የጅማ አባቶች ያውቃሉ። አባትየው ሶኒ ጋ ሄዶ «ልጄን ተው» የሚልበትን ቦታ ሲደርስ የናንተም አባት አንድ ነገር መናገራቸው አይቀርም። ስድብ ይበዛበታል፣ በዘር የመሳደብና የመደባደብ ነገርም አለበት፤ ያን ለመቻል ዝግጁ ሁኑ። እንግሊዝኛው ለማይገባቸው ደግሞ ይህኛው በትርጉም ቢታይ ብዙ አይጎዳም፤ ፊልሙ ራሱ ከመጀመሪያው ተራኪ አለው፣ ወሬኛ ፊልም ነው። በዚያው ምክንያት ለዝናብ ማታ አይሆንም።

በእይታ ከሁለቱ ያንሳል። ሰፈሩን፣ የመንገዱን ጥግ፣ በረንዳውን ደህና አድርጎ ያሳያል፤ ግን ቆም ብላችሁ የምታዩት ምስል ፍለጋ ከሆነ የመጣችሁት አታገኙትም።

ብቻችሁን ከሆናችሁ

«የብስክሌት ሌቦች»። 1 ሰዓት ከ29 ደቂቃ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጣልያንኛ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጓደኛ ጠርታችሁ ብታዩት አንዱ በአሥረኛው ደቂቃ ስልኩን ያወጣል። ብቻችሁን እዩት። «የወንጀል ድራማ» ሲባል ሽጉጥ ለሚጠብቅ ሰው ሽጉጥ የለውም፤ ወንጀሉ ብስክሌት መስረቅ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሮማ ሥራ የለም። አንድ አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ካለህ ነው። ሚስቱ አንሶላ አስይዛ ከመያዣ ያወጣችው ብስክሌት በመጀመሪያው ቀን ይሰረቃል። ከዚያ አባትና ትንሽ ልጁ ከተማውን እየዞሩ ይፈልጋሉ። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ዋናውን ሰውዬ ያመጣው ከፋብሪካ ነው፤ ተዋናይ አልነበረም። ባጃጁ ተሰርቆበት ከአጂፕ እስከ ቆጪ የዞረ ሹፌር ወይም ቤተሰቡ ይህን ፊልም ለማመን ማብራሪያ አይፈልግም።

ልጁ አባቱን የሚያይበት ቅጽበት እዚህ መጨረሻው አካባቢ ነው የሚመጣው። ከስድስቱ ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። ሱሊቫን ሲገድል ልጁ ቢያየው አባትየው አስፈሪ ሆነ እንጂ አልተዋረደም። እዚህ ግን ልጁ የሚያየው የአባቱን ውርደት ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ባርኔጣው ወድቆ። ያንን ትዕይንት ለማሳመር የተደረገ ምንም ነገር የለም፤ የ«ሮድ ቱ ፐርዲሽን» ውበት ትንሽ የከበደኝ ይህን ፊልም ስለማውቅ ሊሆን ይችላል። በስልክም ቢሆን ይታያል።

የቀሩት ሁለቱ

«ዘ ፕሌስ ቢዮንድ ዘ ፓይንስ» ሞተር ብስክሌት ለሚወድ ወጣት ነው። መጀመሪያው ላይ ካሜራው ሳይቆረጥ ራያን ጎስሊንግን ከኋላው እየተከተለ በባዛሩ መሀል ይወስደንና የብረት ጎጆ ውስጥ በሞተር ሲሽከረከር ያሳየናል፤ ለእሱ ብቻ ሲባል ሊከፈት ይችላል። ልጅ እንዳለው የሰማ ወጣት ልጁን ሊያሳድግ ብሎ ባንክ ይዘርፋል። ፊልሙ ሦስት ክፍል አለው፤ ሁለተኛው ወደ አንድ ፖሊስ፣ ሦስተኛው ወደ ሁለቱ ሰዎች ልጆች ይዞራል። እዚህ ልጁ ስለ አባቱ የሚያውቀው ከሰው አፍና ከኮምፒውተር ነው፤ ምንም አላየም። ለዚህ ይሆናል ሦስተኛው ክፍል ቀዝቀዝ የሚለው፤ ነገሩ ሁሉ በአጋጣሚ ይገናኛል፣ እኔ አላመንኩትም። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ለዶርም ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ሰዓት ዝም ያሰኛችኋል፣ የመጨረሻው ያከራክራችኋል።

«ኢን ዘ ኔም ኦፍ ዘ ፋዘር» እውነተኛ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ነው። በ1974 እንግሊዝ ጊልፎርድ ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ በፈነዳ ቦምብ ያልሠሩት ወንጀል የተጫነባቸው የአየርላንድ ልጅ ጄሪ ኮንሎንና አባቱ ጁሴፔ ናቸው። አባትየው በ1980 እስረኛ እንዳሉ ሞቱ፤ ልጁ በ1989 ነጻ ወጣ። ዳንኤል ዴይ ሉዊስና ፒት ፖስልትዌይት አንድ ክፍል ውስጥ ታስረው ሲናናቁ፣ ሲታረቁ እናያለን። በእውነቱ አባትና ልጁ እንደዚያ አንድ ክፍል አልታሰሩም፤ ፊልሙ ለታሪኩ ብሎ ነው ያገናኛቸው። ከሌሎቹ የሚለየው ልጁ አባቱን ደካማ አድርጎ ሲንቀው ኖሮ እስር ቤት ገብቶ ብርታቱን ማየቱ ነው። ለዓይን የተለየ ነገር የለውም፤ ለጆሮ ግን አለው፣ ስለዚህ ዝናብ በሌለበት ማታ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም «ጎድፋዘርን እንደገና» ለሚል ሰው አንድ ነገር ብቻ። የ1974ቱን ሁለተኛ ክፍል አብራችሁ አስጭኑ፤ አባትየው ወጣት ሳለ ያደረገውንና ልጁ በአባቱ ወንበር ተቀምጦ የሚያደርገውን እያፈራረቀ ያሳያል። ወጣቱን አባት የሚጫወተው ያው ዴ ኒሮ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሁለተኛውን ክፍል፣ በሌላ ማታ «ኤ ብሮንክስ ቴል»ን ብታዩ አንድ ሰው የማፊያ አባትንም የሹፌር አባትንም ሲጫወት ታወዳድራላችሁ። ሁለተኛው ክፍል ግን 3 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነውና ቻርጁን ቀድማችሁ ሙሉ።